ኪሎ ሜትሩ የማይቆጥረው

እሑድ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ከሳሪስ አቦ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ጋራዥ አንዲት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ጉድጓዱ ላይ ቆማለች። የጋቢናዋ ወንበር ተነሥቶ ሞተሯ ይታያል። ገና አሁን መጥፋቷ ስለሆነ አጠገቧ የቆመውን ሰው ወላፈኑ ፊቱን ይመታዋል። ከሥር የገባው ልጅ የዘይት መውረጃውን ቡሎን በቁልፍ ካላላ በኋላ የቀረውን በጣቱ አዞረና መጨረሻ ላይ እጁን ሸሸት አደረገ። ዘይቱ እየተጠማዘዘ አናቱ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ መውረድ ጀመረ።

ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ጠቁሯል አይደል ጋሼ?» አለ።

ጋሼ አልመለሱለትም። ስድሳን ተሻግረዋል፤ ጋራዡ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትንሽ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ጣታቸውን ወደሚወርደው ዘይት ሰደድ አድርገው (ሌላ ሰው ቢሆን ይቃጠላል) በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አሹት፤ አሸተቱት። ከዚያ መሪው ሥር በክር የታሰረችውን ካርቶን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አነበቡ። ያለፈው ቅያሪ የተደረገበት ኪሎ ሜትርና ቀጣዩ ሰፍሮባታል፤ ልዩነቱ እንደ ወትሮው 5,000 ነው።

«ገና 200 ኪሎ ሜትር ይቀረኛል» አለ ሹፌሩ፤ ሊመሰገን የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነበር። «ቀድሜ ነው የመጣሁት።»

«በመንገድ ቀድመሃል» አሉ ጋሼ ጣታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «በሞተር ዘግይተሃል።»

ሹፌሩ ነገሩ የገባው አይመስልም። እኔም አልገባኝም ነበር። እሱ ግን ወደሚያሳስበው ጥያቄ ተሻገረ። «እሺ፣ ዛሬ የቱን ላድርግላት?»

የጋራዥ ወረፋ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። አንዱ የቶታልን ኳርትዝ ያወድሳል። ሌላው ሼል ሄሊክስ ካልሆነ ሞተሬ ድምፅዋ ይለወጣል ይላል። ሦስተኛው በሞቢል ይምላል፤ አራተኛው ደግሞ የመኪናው ፋብሪካ ስም ከታተመበት ቆርቆሮ ሌላ አላስነካም ባይ ነው። ክርክሩ ከጊዮርጊስና ከቡና ደጋፊዎች ክርክር ብዙም አይለይም፤ ማስረጃ ስለሚቀርብበት ሳይሆን ማን ከማን ጋር እንደቆመ ስለሚለይበት ይጣፍጣል። ቪትዜን አቁሜ ተራዬን ስጠብቅ እኔም የምሳተፍበት ጨዋታ ነው፤ ወገንም ነበረኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን «የቱ ስም?» የሚለው ጥያቄ መጨረሻ ላይ መምጣት የነበረበት እንደሆነ እየገባኝ ሄደ።

ዘይት ሞተርን ያለሰልሳል እንላለን፤ እዚያ ላይ እናቆማለን። ሞተሩ ውስጥ ሲታይ ግን ሥራው ብዙ ነው። ክራንክ ሻፍቱ ብሮንዚኖቹ ላይ የተቀመጠ ይመስላል እንጂ ሞተሩ ሲሠራ ብረት ብረትን አይነካም፤ በመሃላቸው ፓምፑ ገፍቶ ያስገባው፣ ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን አለ፤ ሻፍቱ እዚያ ላይ ይንሳፈፋል። ውኃ ሊደርስበት የማይችለውን የፒስተን ሆድ የሚያቀዘቅዘው ዘይቱ ነው። ከቃጠሎ የተረፈውን ጥላሸት አቅፎ ይይዛል፤ ድኝ ካለበት ነዳጅ የሚወለደውን አሲድ ያመክናል፤ በፒስተኑ ቀለበትና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ይዘጋል። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ፈሳሽ አብዛኛው ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ መሠረታዊ ዘይት ነው። ከአምስት እጅ አንዱ ገደማ ግን ቅመም ነው፤ አጣቢው፣ ጥላሸት በታኙ፣ አሲድ አምካኙ፣ ብረት እንዳይበላ የሚከላከለው ዚንክ። ዘይት አረጀ ስንል በአመዛኙ ቅመሙ አለቀ ማለታችን ነው። መሠረታዊው ዘይት ያን ያህል ቶሎ አይሞትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በዚህ ንግድ ውስጥ ከታወቁት ስሞች አንዱ የመጣው ከአጥራችን ሥር ነው። ቻርልስ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1899 የዘይት ኩባንያ አቋቁሞ፣ በ1909 ለአውሮፕላንና ለመኪና ያዘጋጀውን ዘይት «ካስትሮል» አለው። ስሙ «ካስተር» ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው፤ ካስተር የእኛ ጉሎ ናት፤ መነሻዋ ይኸው የምሥራቅ አፍሪካ ምድር እንደሆነ የዕፅዋት ሊቃውንት የሚናገሩላት ያቺ ጉሎ። ዘይቱ ውስጥ ጉሎ ይጨመር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአንዳንድ የጦር አውሮፕላኖች ሞተር የሚቀባው በጉሎ ዘይት ስለነበር ከሞተሩ የሚረጨውን ጉም እየተነፈሱ የሚበርሩት አብራሪዎች ሆዳቸው ይታወክ ነበር ይባላል። ጉሎ ምን እንደምታደርግ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ወደ ቆርቆሮው እንመለስ። ስሙ በትልቁ ይጻፋል። ሞተሩን የሚመለከተው ጽሑፍ ግን ትንሹ ነው፤ እሱም ሁለት መስመር ነው።

የመጀመሪያው መስመር 20ደብሊው-50፣ 15ደብሊው-40፣ 5ደብሊው-30 የሚለው ነው። «ደብሊው» ክብደት መስሎኝ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። በእንግሊዝኛ የክረምት የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ የእነሱ ክረምት፣ በረዶ ያለበት። ከፊቱ ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ሞተር ሲነሣ ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል። 15ደብሊው የሚባለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ፣ 5ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 30 ላይ ተፈትኖ ነው። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ቢበርዳት ቢበርዳት ከዜሮ በታች የምትወርደው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ አሮጌ ሞተርን 15ደብሊውም ሆነ 20ደብሊው በብርድ በኩል አያሳስበውም። ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለውን ውፍረት ያሳያል፤ እሱም ነጥብ ሳይሆን ክልል ነው። 40 የሚባለው ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ያለው ሁሉ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 21.9 ያለው 50 ይባላል። እንግዲህ የአንዱ ኩባንያ 40 ከሌላው ኩባንያ 40 ይልቅ ለ50 ሊቀርብ ይችላል። «ይኼኛው ወፈር ይላል» የሚሉ ሹፌሮች ሁልጊዜ አልተሳሳቱም ማለት ነው።

ጋሼን ከሚያናድዷቸው ነገሮች አንዱ «ሃያ ሃምሳ ለሁሉም ይሆናል» የሚለው ልማድ ነው። ለዘመናት አዲስ አበባን ሲያገለግሉ ለኖሩት አሮጌ ሞተሮች ወፍራም ዘይት ተስማምቷቸው ይሆናል፤ ብረታቸው ተበልቶ ክፍተታቸው ስለሰፋ ግፊቱን ይይዝላቸዋል፣ ኳኳታውንም ይሸፍናል። መሸፈኑ ግን ማከም አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ የተሠራች ቪትዝ ወይም ኮሮላ ደግሞ የቫልቭ ሰዓቷን የምታስተካክለው በዘይት ግፊት፣ በጠባብ መተላለፊያ ነው። 5ደብሊው-30 የለመደውን ሞተር በሃያ ሃምሳ ማነቅ ምን ይባላል? አብዛኛው መኪና ያገለገለ ሆኖ የገባ ስለሆነ መጽሐፉ አብሮት አልመጣም፤ ቢመጣም ብዙ ጊዜ በጃፓንኛ ነው። የዘይት ማስገቢያውን ክዳን ማየት ግን ይቻላል። ብዙዎቹ ቶዮታዎች ላይ የሚፈልጉት ቁጥር እዚያው ክዳኑ ላይ ታትሟል። የእኔዋ ላይም ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ክዳኑን እየከፈትኩ ዘይት ስሞላ አላየሁትም።

ሁለተኛው መስመር የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም፣ በአጭሩ ኤፒአይ፣ የሚሰጠው ደረጃ ነው። በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ከዚያ የሚከተለው ፊደል በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ወደ መጨረሻው በተጠጋ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስኤን እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ፤ ኤስፒ በ2020። ሲኤች-4 በ1998፣ ሲአይ-4 በ2002። መደርደሪያ ላይ አሁንም ኤስኤፍ የሚል ርካሽ ቆርቆሮ ካጋጠመዎት፣ ተቋሙ ራሱ ከ1988 በኋላ ለተሠሩ ሞተሮች አይሁን ብሎ የተወው እንደሆነ ይወቁ። ኤስኤ የሚለው ደግሞ ከ1930 በፊት ላለ ሞተር ነው፤ ቅመም የለበትም።

«ሲንቴቲክ» የሚለው ቃልስ? አንድ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሞቢል ካስትሮልን ከሰሰ። የክሱ ፍሬ ነገር፣ ካስትሮል ከድፍድፍ ነዳጅ በጥልቅ የተጣራን ዘይት «ሲንቴቲክ» እያለ ይሸጣል የሚል ነበር። ጉዳዩን ያየው የአሜሪካ የማስታወቂያ ሸንጎ በ1999 ለካስትሮል ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከኬሚስቱ እጅ ወጥቶ ወደ ነጋዴው ገባ። ዘይቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በጥልቅ የተጣራው ዘይት ሙቀት ይችላል፣ ቶሎ አያረጅም። ነገር ግን ሁለት ቆርቆሮ ላይ «ሲንቴቲክ» ስለተጻፈ ብቻ ውስጡ አንድ ነው ብሎ ማሰብ አይቻልም። አንድ ዓይነት ቁጥርና አንድ ዓይነት ፊደል ያላቸው፣ ከታመነ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ዘይቶች ግን ማስታወቂያቸው ከሚለው በላይ ይቀራረባሉ።

ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ውስጡ ካለ ነው ታዲያ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ፣ ከማደያ ዋጋ በጣም ዝቅ ባለ ብር፣ የማምንበትን ስም የያዘ ባለ አራት ሊትር ጀሪካን ገዛሁ። ክዳኑ የታሸገ ነበር፣ ቀለሙ ማር ይመስላል፤ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። 1,000 ኪሎ ሜትር ሳልሞላ፣ ከሽሮ ሜዳ ወርጄ መብራት ላይ ስቆም፣ ቀይዋ የዘይት መብራት ጠቀስ አደረገችኝ። ነዳጅ ስሰጥ ጠፋች። ሰው ዓይኑ ሲርገበገብ «ደህና ነው» ብሎ እንደሚያልፈው አለፍኩት። በሳምንቱ ሞተሩ እንደ ቀጥቃጭ ቤት መዶሻ ይደበድብ ጀመር። ያኔ ነው ጋሼ ጋር የተዋወቅነው። ያወጡት ዘይት እንደ ውኃ ቀጥኗል። «ይኼ የተቃጠለ ዘይት ነው፤ ጨርቅ አሳልፈው አጥርተውታል» አሉ። ሞተሯ ወረደች፣ ብሮንዚኖቹ ተቀየሩ፣ ፓምፑም አብሮ። የከፈልኩት ገንዘብ ለስንት ጊዜ የዘይት ቅያሪ ይበቃኝ እንደነበር ማስላት ጀምሬ ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ዘይት የምገዛው ከማደያ ወይም ኩባንያው ራሱ ከሚያምነው ሻጭ ነው። የጀሪካኑ የምርት ቁጥርና የክዳኑ ቁጥር ተመሳሳይ መሆናቸውን አያለሁ። ዋጋው ከሌላው በጣም ከረከሰ ደግሞ እንደ ዕድል አልቆጥረውም።

ሚኒባሷ ዘይቷ እየተንጠባጠበ ነው። ልጁ ፊልትሮውን ፈትቶ ገልብጦ ደገፈው። መብራት ጠፋ፤ በጋራዡ ጥግ የቆመችው ጄኔሬተር ተንተከተከችና ተነሣች። ጋሼ ወደ እሷ በአገጫቸው አመለከቱ።

«እሷ አንድ ሜትር ተንቀሳቅሳ አታውቅም» አሉ ሹፌሩን። «በኪሎ ሜትር ብንቆጥርላት ዕድሜ ልኳን ዘይት አይቀየርላትም ነበር።»

ግድግዳው ላይ በጠመኔ «250» ተጽፏል። ሰዓት ነው። ጄኔሬተር፣ ትራክተር፣ ግሬደር ዘይታቸው የሚቆጠረው በሰዓት ነው፤ 250 ሰዓት የተለመደ ልክ ነው። መኪናን በኪሎ ሜትር የምንቆጥርላት፣ መኪና ካለች ትሄዳለች የሚል ግምት ስላለ ነው። ግምቱ አዲስ አበባ ላይ ይፈርሳል።

ስሌቱን እዚያው በስልኬ ሠራሁት። በአገር አቋራጭ መንገድ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ስትሞላ ሞተሯ የሠራው 83 ሰዓት ገደማ ነው። ተሳፋሪ እየጠበቀች፣ መብራት ላይ እየቆመች፣ በመጨናነቅ በአማካይ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት የምትሄድ ታክሲ ግን እዚያው 5,000 ላይ ስትደርስ ሞተሯ 333 ሰዓት ሠርቷል። አራት እጥፍ! የጄኔሬተሯን ልክ በ83 ሰዓት አልፋዋለች። መሪው ሥር ያለችው ካርቶን ግን «200 ይቀራል» ትላለች።

ነገሩ የጋሼ ፍልስፍና ብቻ አይደለም። ፎርድ ለሥራ መኪናዎቹ፣ ቆሞ እየሠራ የሚያልፍን አንድ ሰዓት እንደ 33 ማይል፣ ማለትም 53 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቁጠሩት ይላል። በቀን ሁለት ሰዓት ሞተሩ እየሠራ የሚቆም ታክሲ በወር 26 ቀን ቢሠራ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ያላየው ከ2,700 በላይ ኪሎ ሜትር አለበት። የአምራቾች መጽሐፍ ውስጥ «ከባድ አገልግሎት» የሚል ክፍል አለ፤ አጭር ጉዞ፣ አቧራ፣ መጨናነቅ፣ ብዙ ቆሞ መሥራት፣ ሸክም። ብዙ ሰው «የእኔ መኪና ቀላል አገልግሎት ላይ ናት» ብሎ ያልፈዋል። ዝርዝሩን ሳነበው የከተማችን መግለጫ መሰለኝ።

የ5,000 ልማድ ራሱ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። አሜሪካኖች ለረጅም ጊዜ የሙጥኝ ካሉት የ3,000 ማይል ደንብ ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል፤ 3,000 ማይል 4,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እነሱ ዘይቱም ሞተሩም ሲሻሻል ደንቡን ትተውታል። ቶዮታ በአሜሪካ 0ደብሊው-20 ሲንቴቲክ ለሚጠቀሙ መኪናዎቹ ቅያሪውን ወደ 10,000 ማይል አርዝሞታል። ይህን በኢንተርኔት ያነበበ ሰው «ሰፈር ውስጥ 5,000 የሚሉን ዘይት ሊሸጡልን ነው» ሲል ሰምቻለሁ። እዚያው ገጽ ላይ አቧራማ መንገድና አጭር ጉዞ ላለበት ግማሹን አድርጉ የሚል መስመር እንዳለ ግን አላየም፤ ወይም አልፈለገም።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳስቷል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ዳርቻ ኃይሉ ወደ ሩብ የሚጠጋውን እዚህ ያጣል። ሹፌሩ ያጣውን ለማካካስ ነዳጅ ይረግጣል፣ በትንሽ ማርሽ ብዙ ያሽከረክራል። አሮጌው ናፍጣ ሞተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ፓምፑ የለመደውን ናፍጣ ይሰጠዋል፣ የሚያቃጥልበት አየር ግን ይጎድለዋል። ያ ነው እንጦጦ ዳገት ላይ ከኋላ የምናየው ጥቁር ጭስ። በጭስ ማውጫው የማይወጣው ጥላሸት ደግሞ ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

የእኔ በሽታ ሌላ ነው። ከቤት ቢሮ አራት ኪሎ ሜትር ነው። ዘይት ከራዲያተሩ ውኃ ዘግይቶ ስለሚሞቅ ገና ሳይግል እደርሳለሁ፤ ሞተሩ ውስጥ የጤዘው ውኃና ወደ ዘይቱ የሾለከው ቤንዚን ተንኖ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም። የዘይት ማስገቢያውን ክዳን ስከፍት እርጎ የመሰለ ነገር አየሁና ደነገጥኩ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውኃ ከዘይት የተቀላቀለ መስሎኝ ነበር፤ ያም ይሆናልና። የራዲያተሩ ውኃ አለመጉደሉን አይተው ጋሼ ሳቁ። «አልታመመችም። ብርድ ላይ ነው ያኖርካት። እሑድ እሑድ ደብረ ዘይት ድረስ አሳያት» አሉኝ። እንዲህ ላለች መኪና ኪሎ ሜትር ቢጠብቁ በዓመት 3,000 አትሞላም። የእኔዋ በቀን መቁጠሪያ ነው የምትሄደው፤ በስድስት ወር አንድ ጊዜ፣ ጥቅምትና ሚያዝያ ላይ።

ተቃራኒው የጅቡቲ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ የሚወጣ የጭነት መኪና አዋሽን፣ ሚሌን፣ ጋላፊን አልፎ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ጠለል ላይ ያርፋል። በአንድ ጉዞ ከጠዋት ብርድ ወደ አፋር 40 ዲግሪ ይወርዳል፤ ሲመለስ ኮንቴይነር ተሸክሞ ያንን ሁሉ ከፍታ ይወጣል። የብርድና የሙቀት ቁጥር አንድ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈበት ምክንያት የሚገባው እዚህ ነው። 15ደብሊው-40፣ ሲአይ-4 ወይም ከዚያ በላይ፤ ከ20 ሊትር በላይ ዘይት የሚይዝ ሞተር። ሞተሩ አንዴ ከሞቀ ለረጅም ሰዓት ስለማይቀዘቅዝ ውኃና ነዳጅ አይጠራቀምበትም። ኪሎ ሜትሩም ሰዓቱም አብረው ስለሚሄዱ የጭነት ሹፌር ካርቶኑን ቢያምን ብዙም አይሳሳትም።

ፊልትሮ ላይ ብዙ አልልም። አዲስ ዘይት በአሮጌ ፊልትሮ ማሳለፍ ታጥቦ የቆሸሸ ልብስ እንደመልበስ ነው። ጋሼ ጋር «ፊልትሮው ይቆይ» የሚል ደንበኛ ቁልፉን ተቀብሎ ይሄዳል።

ገንዘቡስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሁሉ እንደተወደደ ዘይትም ተወደደ። ሰዉም ማስረዘም ጀመረ። 5,000ው 7,000 ሆነ፤ ሲጎድል ከላይ አንድ ሊትር ጣል ይደረግና «ታድሷል» ይባላል። መጨመር ቅመሙን በጥቂቱ ያነቃዋል እንጂ ጥላሸቱን አያወጣውም። ሁለት መቶ ጊዜ የተጠየቁትን ጥያቄ እኔም ጋሼን ጠየቅኋቸው፤ ገንዘብ ቢያጥረኝ ውድ ዘይት ገዝቼ ላስረዝም ወይስ ርካሹን ቶሎ ቶሎ ልቀይር? «ደረጃው ይድረስ እንጂ ርካሹን በጊዜው» አሉ። «ዘይት ቆሻሻ ይዞ መውጣት አለበት። የወርቅ ቢሆን ቆሻሻ ይዞ ከተቀመጠ ምን ያደርግልሃል?» ወረፋ ላይ ያለ አንድ ወጣት መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ ይህ ሁሉ ክርክር ከጥቂት ዓመት በኋላ ይረሳል አለ። ጋሼ የኤሌክትሪክ መኪናም የማርሽ ዘይት አላት ብለው ዝም አሰኙት።

የቀለሙ ነገር ቀርቶኛል፤ ሹፌሩ መጀመሪያ የጠየቀው። ናፍጣ ሞተር ውስጥ የገባ ዘይት ሁለትና ሦስት ቀን ሳይቆይ ይጠቁራል። አጣቢው ቅመም ጥላሸቱን ከብረቱ ላይ አንሥቶ ስለያዘ ነው፤ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። የሚያስፈራው በናፍጣ ሞተር 4,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ማር የመሰለ ዘይት ነው። ጋሼ ከቀለሙ ይልቅ ጣታቸውን ያምናሉ፤ ሲያሹት አሸዋ አሸዋ ካለ አቧራ ወይም ብረት ገብቷል፣ ነዳጅ ነዳጅ ከሸተተ ቀጥኗል፣ ከጣት ላይ ቶሎ ከፈሰሰ አልቆለታል። የሚኒባሷ ምን ነበር ስላቸው «ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ የአንዱ ሲሊንደር አፍንጫ ያንጠባጥባል» አሉ። ሹፌሩ ስለ አፍንጫው ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። እሱ ሌላ ወጪ ነው።

አምስት ሊትር ተኩል ገደማ የተቃጠለ ዘይት ጀሪካኑን ሞልቶ ተቀምጧል። የት ይሄዳል? ግማሹን ግንበኞች ይወስዱታል፤ የኮንክሪት ፎርማ ሲሚንቶ እንዳይዘው ይቀቡታል። የአጥር እንጨት ለምስጥ የሚቀባም አለ። ቀሪው፣ በሁሉም ጋራዥ ባይሆንም፣ ማታ ማታ ቱቦ ውስጥ ይገለበጥና ወደ አቃቂ ወንዝ ይሄዳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አንድ ጋሎን የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ውኃ ሊበክል ይችላል ይላል። በዚያ ወንዝ ጎመን ይለማል፤ ጎመኑን የምንበላው እኛው ነን። ጋሼ በርሜል አላቸው፤ ሲሞላ ገዢ ይመጣል። ገዢው ምን እንደሚያደርገው ጠይቀውት ያውቁ እንደሆነ ስላቸው «አንዳንድ ጥያቄ አይጠየቅም» አሉ። መልሱ አልተመቸኝም፤ እሳቸውንም የተመቻቸው አልመሰለኝም። ተጣርቶ ወደ እኔ የመጣው ያ ጀሪካን ከእንዲህ ያለ በርሜል ነው የተነሣው።

ልጁ አዲሱን ዘይት ሞላ። ሞተሯ ተነሥታ ትንሽ ሠራች፣ ጠፋች፤ ዘይቱ ወደ ሥር እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ተጠበቀና በመለኪያው ዘንግ ታየ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ከላይኛው ትንሽ ዝቅ ብሎ። ጋሼ አዲስ ካርቶን ቆርጠው ያለውን ኪሎ ሜትር ጻፉና ቀጣዩ ላይ 3,500 ደመሩበት።

«ጋሼ፣ 3,500?» አለ ሹፌሩ። «ከወር ከምናምን እኮ ተመለስኩ ማለት ነው!»

«ቆመህ አታሠራት። አጥፋት። ያኔ 5,000 እጽፍልሃለሁ።»

«ተራ ላይ እንዴት ነው የማጠፋት? ወረፋው እኮ ይንቀሳቀሳል።»

ጋሼ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ሹፌሩ ካርቶኗን ተቀብሎ ጥቂት አያት፤ ከዚያ መሪው ሥር፣ በአሮጌዋ ክር ላይ፣ ቋጠራት።

ከውጭ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጁ ባዶዎቹን የዘይት ጀሪካኖች ሰብስቦ ወደ በር ከመሄዱ በፊት ከጠረጴዛው ላይ ሚስማርና መዶሻ አነሣና እያንዳንዱን ሆዱ ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ በሳው። ቆራሌው በሩ ላይ ቆሞ አንዱን ወደ ፀሐይ አነሣና በቀዳዳው የገባውን ብርሃን አየ።

«የተበሳ በግማሽ ዋጋ ነው» አለ። «ያልተበሳ የላችሁም?»

«እዚህ ቤት የለም» አለው ልጁ።